የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕና ጠጋኞቹ

አንድ የኤሌክትሪክ ጊታር በመደብር መስኮት ተሰቅሎ ሲታይ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቅርጹና በቀለሙ ላይ ነው። የድምፁን ጠባይ በእጅጉ የሚወስነው ክፍል ግን ከክሮቹ ሥር የተቀመጠውና ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጠው ፒክአፕ ነው። ፒክአፕ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ማግኔትና ከሰው ጠጉር ጋር የሚወዳደር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ በአንድ ቀን ሊረዳው የሚችለው ይህ ዕቃ፣ ከተፈጠረ ከዘጠና ዓመታት በኋላ ዛሬም ሙያተኛውንና አማተሩን እኩል ያከራክራል። ክርክሩም ከንቱ አይደለም። በውስጡ ማናቸውም መሐንዲስ በሥራው ላይ የሚገጥመው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በአንድ መሣሪያ ላይ የታየ መዛባት መወገድ ያለበት ጉድለት ነው ወይስ ተጠቃሚው የሚፈልገው ጠባይ ነው የሚለው ነው። የፒክአፕ ታሪክ እንደሚያሳየው ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ብዙውን ጊዜ ንድፉን ያወጣው ፋብሪካ ሳይሆን መሣሪያውን በጠረጴዛው ላይ ፈትቶ የጠገነው ተጫዋች ነው።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የክሩ ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ

ማይክል ፋራዳይ በ1831 ባደረገው ሙከራ፣ በኮይል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ላይ ቮልቴጅ እንደሚፈጠር አረጋገጠ። ፒክአፕ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ከክሩ ሥር ያለው ማግኔት የብረቱን ክር ራሱን ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲነዝር በኮይሉ ውስጥ የሚያልፈው መስክ በንዝረቱ ልክ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ በሺህ የሚቆጠሩት የሽቦ ዙሮችም ይህን ለውጥ ወደ ቮልቴጅ ይመነዝሩታል። ቮልቴጁ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች ስለሆነ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ክሩ ብረትነት ከሌለው፣ ማለትም ከናይለን ወይም ከጅማት የተሠራ ከሆነ፣ ማግኔታዊው ፒክአፕ ሊሰማው አይችልም። ሁለተኛ፣ ኮይሉ የክሩን መስክ ከሌላ መስክ የሚለይበት መንገድ የለውም። በአጠገቡ ያለ ትራንስፎርመር ወይም የመብራት መስመር የሚረጨውን መስክ ከሙዚቃው ጋር ደባልቆ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ተጫዋቾችን ለብዙ ዓመታት ያስመረረው ጉምጉምታ ምንጩ ይህ ነው።

መጥበሻ የተባለው ጊታር

በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የዳንስ ባንዶች እየበዙና እየሰፉ በመሄዳቸው፣ ጊታር በትራምፔት፣ በትሮምቦንና በከበሮ መካከል የማይሰማ መሣሪያ ሆኖ ነበር። መፍትሔ ከፈለጉት አንዱ በሎስ አንጀለስ ይኖር የነበረው የሃዋይ ጊታር ተጫዋች ጆርጅ ቢቻም ነው። ቢቻም መሐንዲስ አልነበረም። በማታ ትምህርት ስለ ኤሌክትሪክ ተማረ፤ የሸክላ ማጫወቻ ፒክአፕም ፈታትቶ አሠራሩን መረመረ። በ1931 የተሠራው የመጀመሪያ ናሙና አካሉ ከእንጨት የተጠረበ፣ ክብ ሆዱ ትንሽ፣ አንገቱ ረጅም ስለነበር ጊታሩ «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ወጣለት። በክሮቹ ዙሪያ ሁለት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ማግኔቶች ከበቡት፤ ኮይሉም ከክሮቹ በታች ተቀመጠ። በ1932 ቢቻም ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር ሆኖ ከአሉሚኒየም የተቀረጸውን ጊታር ለገበያ አቀረበ።

የፈጠራ መብቱ ማመልከቻ በ1934 ቢገባም መብቱ የተሰጠው በ1937 ነው። መሣሪያው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑን መርማሪዎቹ ስለ ተጠራጠሩ፣ ተጫዋቾች ወደ ዋሽንግተን ተልከው በፊታቸው እንደ ተጫወቱ ይነገራል። እንግዲህ ገና ከጅምሩ የመጨረሻውን ማስረጃ ያቀረበው ንድፉ ሳይሆን የተጫዋቹ እጅ ነበር። መብቱ እስኪሰጥ ድረስ ግን ሌሎች ኩባንያዎች በመንገዱ ገብተው ነበር። ጊብሰን በ1936 ኢ-ኤስ-150 የተባለውን ጊታር አወጣ፤ ቻርሊ ክርስቲያንም በ1939 በቤኒ ጉድማን ባንድ ውስጥ በዚሁ ዓይነት ጊታር እየተጫወተ የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ሳክስፎን ብቻውን ዜማ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል አሳየ። ክርስቲያን በሳንባ ነቀርሳ በ1942 ሲሞት ዕድሜው 25 ዓመት ብቻ ነበር፤ ያን ጊታር ዝነኛ ያደረገው የፒክአፕ ዓይነት ግን ዛሬም በስሙ ይጠራል።

የሬዲዮ ጠጋኙ ንድፍ

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ በ1938 የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። የአካባቢው ሙዚቀኞች የተበላሸ አምፕሊፋየራቸውን ይዘው ወደ እርሱ ይመጡ ነበር። ፌንደር ጊታር መጫወት አይችልም ነበር፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ በየት በኩል እንደሚበላሽና ለመጠገን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ከሌላው ሰው ይልቅ ያውቅ ነበር። ይህ እውቀቱ በንድፉ ላይ በግልጽ ይታያል። በ1950 ብሮድካስተር ተብሎ የወጣውና በ1951 ቴሌካስተር የተባለው ጊታር አንገቱ በሙጫ ያልተጣበቀ፣ በአራት ብሎን የታሰረ ነው። በ1954 የወጣው ስትራቶካስተር ደግሞ ሦስቱ ፒክአፖች፣ የቮልዩምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹና መቀያየሪያው በአንድ የፕላስቲክ ገበታ ላይ የተሰካኩ ስለሆኑ፣ ካቻቢቴ ያለው ማንኛውም ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ሙሉውን የኤሌክትሪክ ክፍል ከነሽቦው ሊያነሣው ይችላል። ፌንደር ይህን ያደረገው ለፋብሪካውና ለጠጋኙ እንዲቀል ብሎ ነው። ከሃያ ዓመታት በኋላ አንድ ሙሉ የመለዋወጫ ኢንዱስትሪ በዚያው ካቻቢቴ መንገድ እንደሚገባ ግን አላሰበውም ይሆናል።

የስትራቶካስተር ፒክአፕ አሠራር እጅግ ቀላል ነው። ስድስት የአልኒኮ ማግኔት ዘንጎች በሁለት የፋይበር ሰሌዳዎች ይያዛሉ፤ በእነርሱም ላይ 0.063 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽቦ ወደ 8,000 ዙር ያህል ይጠመጠማል። ይህም ከአንድ ኪሎሜትር የሚበልጥ ሽቦ ማለት ነው። በ1950ዎቹ ማሽኑ ኮይሉን ሲያሽከረክር ሽቦውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትመራው የሠራተኛዋ ጣት ነበረች። በ1956 በፌንደር ሥራ የጀመረችው አቢጌል ኢባራ በዚህ ሙያ ከፍተኛ ዝና ያተረፈችው ናት። በእጅ የተመራ ሽቦ በማሽን እንደ ተመራ ሽቦ ዙሩ ከዙር ጎን በእኩል አይተኛም፤ ተበታትኖ ስለሚያርፍ በዙሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ ይቀንሳል፣ የአንዱም ፒክአፕ ከሌላው ይለያል። በፋብሪካው ዓይን ይህ አለመመሳሰል ነው። የኋላ ዘመን ተጫዋቾች ግን ሆን ብለው የሚፈልጉት ይህንኑ ሆነ፤ ዛሬም በእጅ የተጠመጠመ ፒክአፕ ከማሽኑ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል።

ጉምጉምታን የማጥፋት ትግል

የነጠላ ኮይል ፒክአፕ ድምፅ ጥርት ያለ ቢሆንም ጉምጉምታው ግን አብሮት የሚሄድ ነው። በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር ለዚህ ችግር መፍትሔ አዘጋጅቶ በ1955 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሁለት ኮይሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አገናኝቶ የውጭውን ድምፅ የማጥፋት ሐሳብ ከእርሱ በፊትም የታወቀ ነበር፤ ላቨር ያደረገው ሐሳቡን ለፋብሪካ በሚመች መጠንና ቅርጽ ማሳመር ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሁለት ኮይሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንደኛው የማግኔት ዋልታ ሰሜን ሲሆን የሁለተኛው ደቡብ ነው፤ የሁለቱም የግንኙነት አቅጣጫ ተቃራኒ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው መስክ የሁለቱን ማግኔቶች ዋልታ ስለማያውቅ በሁለቱ ኮይሎች ላይ እኩልና ተቃራኒ ቮልቴጅ ፈጥሮ ይጠፋፋል። የክሩ ንዝረት ግን በማግኔቱ አንድ ጊዜ፣ በግንኙነቱ ሁለተኛ ጊዜ ስለሚገለበጥ፣ የሁለቱ ኮይሎች ውጤት ይደመራል። በዚህ ምክንያት ፒክአፑ «ሃምባከር»፣ ማለትም ጉምጉምታን የሚመክት፣ ተባለ። ላቨር የብረት ክዳኑን ከነሐስ ፈንታ የጀርመን ብር ከሚባለው ድብልቅ እንዲሠራ ማድረጉም የመሐንዲስ ጥንቃቄው ምልክት ነው፤ በክዳኑ ውስጥ የሚሽከረከረው ጅረት ከፍተኛውን ድምፅ እንዳይውጠው አስቦ ነበር።

ጊብሰን መብቱ እስኪሰጥ ድረስ በፒክአፖቹ ጀርባ «የፈጠራ መብት ማመልከቻ ቀርቧል» የሚል ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። መብቱ በ1959 ቢሰጥም ወረቀቱ ከዚያ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ መለጠፉ ቀጠለ። በመጨረሻ የመብት ቁጥር ያለው ወረቀት ሲተካም የታተመው ቁጥር የፒክአፑ ሳይሆን ሌስ ፖል ላወጣው የክር ማሰሪያ የተሰጠው ነበር።

ጉድለት የተባለው ሲወደድ

እነዚያ ወረቀት የተለጠፈባቸው ፒክአፖች ሁሉም አንድ ዓይነት አልነበሩም። የአልኒኮ ማግኔቱ ደረጃ እንደ አቅርቦቱ ይለዋወጥ ነበር፤ የዙሩም ብዛት እንደ ሠራተኛዋ ዓይን ነበር። ከዚህም የተነሣ የአንዱ የመቋቋም ልክ 7,000 ኦም ሲሆን የሌላው ወደ 9,000 ሊደርስ ይችላል። በአንድ ፒክአፕ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኮይሎችም እኩል ዙር አይኖራቸውም፤ እኩል ካልሆኑ ደግሞ መጠፋፋቱ ሙሉ አይሆንም፣ በፈንታውም የላይኛው ድምፅ በትንሹ ይጎላል።

እነዚህ ፒክአፖች የተገጠሙበት ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው ሌስ ፖል ስታንዳርድ በገበያ ብዙም አልቀናውም፤ በጠቅላላው የተሠራው ከሁለት ሺህ በታች ሲሆን ኩባንያው ንድፉን ለወጠው። በ1966 ግን ኤሪክ ክላፕተን በእንግሊዝ አገር ከጆን ሜየል ጋር ባሳተመው ሸክላ ላይ ከእነዚሁ ጊታሮች አንዱን ከማርሻል አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ከፍ አድርጎ ተጫወተ። ከዚያ ወዲህ ገበያ የናቀው ጊታር የሚታደን ሆነ። ላቨር የነደፈው ጉምጉምታን ለማጥፋት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ያገኙበት ግን የአምፕሊፋየሩን ቱቦ አስጨንቆ የሚያዘፍን ጉልበት ነበር።

የስትራቶካስተር መቀያየሪያ ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ፌንደር በ1954 የገጠመው መቀያየሪያ ሦስት ማረፊያዎች ብቻ ነበሩት፤ እያንዳንዱም አንድ ፒክአፕ ብቻ ይመርጣል። ተጫዋቾች ግን እጀታውን በሁለት ማረፊያዎች መካከል አጣብቀው ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፖች በአንድነት እንደሚሠሩና ቀጠን ያለ፣ እንደ ደወል የሚጮህ ድምፅ እንደሚሰጡ ደረሱበት። ብዙዎች ይህን ድምፅ ከተቃራኒ ፌዝ የመጣ አድርገው ይጠሩታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ፒክአፖቹ በአንድ ፌዝ፣ በትይዩ የተገናኙ ናቸው፤ ድምፁ የሚቀጥነው ሁለቱ የክሩን ንዝረት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሚያነሡ ነው። ስሙ ስሕተት ቢሆንም ጆሮው ግን አልተሳሳተም። ፋብሪካው ተጫዋቾቹ ከሃያ ዓመታት በላይ በጣታቸው ያደረጉትን ተቀብሎ አምስት ማረፊያ ያለውን መቀያየሪያ የገጠመው በ1977 ነው።

ካቻቢቴ በተጫዋቹ እጅ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጫዋቹ ፋብሪካውን መጠበቅ ተወ። በኒው ዮርክ ጊታር ይጠግን የነበረው ላሪ ዲማርዚዮ በ1972 ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለውን ፒክአፕ አወጣ። ይህ በጠንካራ የሴራሚክ ማግኔት የተሠራው ፒክአፕ ብቻውን፣ ያለ ጊታር፣ ለመተኪያ የተሸጠ በመሆኑ ለአዲስ ንግድ በር ከፈተ። በለንደን የሙዚቀኞችን ፒክአፖች እንደገና ይጠመጥም የነበረው ሲይሞር ደንከንም በ1976 በሳንታ ባርባራ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በዚያው ዘመን ሮብ ተርነር ዛሬ ኢ-ኤም-ጂ የተባለውን ድርጅት ጀመረ፤ የእርሱ መንገድ በኮይሉ ላይ ጥቂት ዙር ብቻ አድርጎ፣ በፒክአፑ ውስጥ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ መቅበር ነበር።

የዚያን ዘመን መንፈስ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው ግን የኤዲ ቫን ሄለን ጊታር ነው። ቫን ሄለን ርካሽ አካልና አንገት ለብቻ ገዝቶ ገጣጠመ፤ ከሌላ የጊብሰን ጊታር የወጣ ሃምባከርም ጠርቦ ገጠመበት። ድምፁ ከፍ ሲል ፒክአፑ ይጮህበት ስለነበር በቀለጠ ሰም ውስጥ ነከረው። በ1978 የወጣው የባንዱ የመጀመሪያ ሸክላ የተቀዳው በዚህ ጊታር ነበር።

የሰሙ ምክንያት ግልጽ ነው። የኮይሉ ሽቦ ወይም ክዳኑ ልል ከሆነ በድምፅ ማጉያው ጉልበት ራሱ ይነዝራል፤ በማግኔቱ መስክ ውስጥም ስለሚንቀሳቀስ ፒክአፑ እንደ ማይክሮፎን ይሆንና ድምፁን መልሶ ይመግባል። ሰም ገብቶ ሲጠነክር ሽቦው ይያዛል። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰሙ በእሳት ላይ በቀጥታ አይቀልጥም፤ ተቀጣጣይ በመሆኑ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። ሙቀቱም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ እንዲያልፍ አይደረግም፤ ኮይሉን የሚይዘው ፕላስቲክ በአንዳንድ ፒክአፖች ቶሎ ይለሰልሳል።

የዚያ ዘመን ድፍረት ዋጋም አስከፍሏል። ብዙ ተጫዋቾች በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ጊታሮችን አካል በመሮ ጠርበው ትልቁን ሃምባከር አስገቡ፤ የወጣውንም ፒክአፕ ጣሉት። ጊታሩ በዚያን ጊዜ ያገለገለ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ያልተነካው ከተነካው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚህ የተወረሰው ደንብ በጠጋኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የተደረገው ሁሉ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን፣ የወጣውም ዕቃ በፖስታ ታሽጎ ከጊታሩ ጋር ይቀመጥ የሚል ነው።

ከመለወጥ በፊት መለካት

ዛሬ በአማተሮች መካከል የሚሰማው ምክር በአብዛኛው «ይህን አውጥተህ ያንን ግጠም» የሚል ነው። ለምርጫውም የሚጠቀሰው የመቋቋም ልክ ነው፤ ኦሙ የበዛ ይበረታል ይባላል። ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። በአንድ ዓይነት ሽቦ፣ በአንድ ዓይነት ቅርጽና ማግኔት ኦም ሲጨምር ዙርም ይጨምራል። ሽቦው ከቀጠነ ግን ዙሩ ሳይጨምር ኦሙ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ የመዳብ የመቋቋም ልክ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 0.4 በመቶ ገደማ ይለወጣል። በአዲስ አበባ ጠዋት በ20 ዲግሪ 6,000 ኦም የተለካ ፒክአፕ በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ በ35 ዲግሪ ቢለካ ወደ 6,350 ኦም ይደርሳል። ፒክአፑ ያው ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው።

የድምፁን ጠባይ ይበልጥ የሚገልጸው ኢንደክታንሱ ከገመዱ ካፓሲታንስ ጋር ሆኖ የሚፈጥረው ሬዞናንስ ነው። 2.4 ሄንሪ ያለው የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ፣ ከራሱና ከገመዱ ጋር በጠቅላላው 600 ፒኮፋራድ ቢያገኝ፣ ድምፁ የሚጎላው በ4,200 ኸርዝ አካባቢ ነው። 4.5 ሄንሪ ያለው ሃምባከር በዚያው ገመድ 3,100 ኸርዝ ገደማ ላይ ይጎላል። አሁን ለስትራቶካስተሩ 500 ፒኮፋራድ ተጨማሪ ያለው ረጅም ገመድ ቢሰጠው እርሱም ወደ 3,100 ኸርዝ ይወርዳል። እንግዲህ ድምፁ ደነዘዘብኝ ብሎ ፒክአፕ ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ አጠር ያለ ገመድ መሞከር ይገባዋል። የቮልዩሙ ፖቴንሺዮሜትርም እንዲሁ ነው፤ ለነጠላ ኮይል 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምባከር 500 ኪሎ ኦም የተለመደ ሲሆን፣ በሃምባከር ላይ አነስተኛው ሲገጠም የላይኛው ድምፅ ይታፈናል።

ጊታሩ ድምፅ ሲያጠፋም ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። መጀመሪያ ገመዱ፣ ቀጥሎ የጃኩ ምላስ፣ ከዚያም መቀያየሪያውና ፖቴንሺዮሜትሩ፣ ከዚያም የብየዳው መጋጠሚያ ይታያል፤ ፒክአፑ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው። ቮልዩሙ ሲዞር የሚያንኳኳ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነውና በኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ይታጠባል። ፒክአፑን በቴስተር ለመለካት አንዱን እግሩን ከፖቴንሺዮሜትሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ 8,000 ኦም ያለው ኮይል ከ250 ኪሎ ኦም ጋር በትይዩ ሆኖ 7,750 ያህል ያሳያል። ቴስተሩ ምንም መገናኘት ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ብጣሹ ብዙ ጊዜ ቀጭኑ ሽቦ ከውጭው መስመር ጋር በተበየደበት ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ኮይሉ ከመፈታቱ በፊት ያ ቦታ በማጉያ መነጽር መታየት አለበት።

ከሁለት ፋብሪካዎች የመጡ ፒክአፖች አብረው ሲሠሩ ድምፁ ከሳስቶ ከታየ በተቃራኒ ፌዝ ተገናኝተዋል። ይህን ለማረጋገጥ መርፌ ያለው አሮጌው ቴስተር ከዘመናዊው ይሻላል። ካቻቢቴውን ከማግኔቱ ጋር ሲያነካኩት የቴስተሩ መርፌ ወደ አንድ ወገን ይዘልላል፤ ሁለቱም ፒክአፖች መርፌውን ወደ አንድ ወገን ካዘለሉት ተስማምተዋል፣ ካልሆነ የአንደኛው ሁለት ሽቦዎች ይለዋወጣሉ። ክዳኑ ከአንደኛው ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ ግን አስቀድሞ መለየት አለበት፤ አለዚያ ክዳኑ ራሱ ጉምጉምታ ያመጣል።

ክፍያ የማይጠይቅ ማስተካከያም አለ፤ እርሱም ፒክአፑን ማውረድ ነው። ከክሮቹ በጣም የቀረበ ማግኔት ክሩን ስቦ ንዝረቱን ያውካል፤ ጊታሩ ተቃኝቶ ሳለ ያልተቃኘ ይመስላል። ብዙ ሰው አንገቱን ወይም ክሩን ሲወቅስ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ መድኃኒቱም ሁለት ብሎን በካቻቢቴ ማላላት ነው።

የመሬት መስመር

እስካሁን የተጠቀሱት ስሕተቶች የሚያበላሹት ድምፅን ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ሕይወትን ይመለከታል። በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮቹ በድልድዩ በኩል በሽቦ ከጃኩ ጋር፣ በገመዱም በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር ይገናኛሉ። ተጫዋቹ ክሩን ሲነካ ጉምጉምታው የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ተጫዋቹ በእጁ የአምፕሊፋየሩን አካል ይዞ ይቆማል ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ የመሬት መስመሩ ተቋርጦበት ውስጡ ቢያፈስ ክሮቹ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ከንፈሩ ከመሬት ጋር የተገናኘ ማይክሮፎን በነካ ጊዜም ጅረቱ በሰውነቱ ያልፋል። ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው የስኮትላንድ ባንድ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በግንቦት 1972 በዌልስ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው የመሬት ግንኙነቱ የተበላሸ ማይክሮፎን በመንካቱ ነው።

ስለዚህ ጉምጉምታን ለማጥፋት ተብሎ የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ በማንኛውም ምክንያት የማይፈቀድ ነገር ነው። ለጉምጉምታ መፍትሔው የጊታሩን ጎድጓዳ በመዳብ ወረቀት መሸፈን፣ ከትራንስፎርመር መራቅ ወይም ሃምባከር መግጠም ነው። አዲስ መድረክ ላይ ከመጫወት በፊትም በክሩና በማይክሮፎኑ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በቴስተር መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ጊታር በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የባንዶች ቋሚ አባል ሆነ። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም ወልደማርያም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወቱት ለብዙ ድምፃውያን ካሴቶች ማጀቢያ ሆኗል። ከባሕር ማዶ በመጣ መሣሪያ ላይ የአገር ቅኝት ሲመታ የመሣሪያው ጠባይ ከአገሩ የመብራት መስመር ጋር ይገናኛል። በአሜሪካ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ ጉምጉምታው በሲ ቤሞልና በሲ መካከል ይወድቃል፤ በኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለሶል ድምፅ ይቀርባል። ፒክአፑ ራሱ የቮልቴጁ ልዩነት አያገባውም፤ ለ120 ቮልት የተሠራ አምፕሊፋየር ግን ያለ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

ክራርም ወደ ኤሌክትሪክ መንገድ ገብቷል። በዚህ ላይ የፋራዳይ ሕግ ምርጫውን አስቀድሞ ወስኗል፤ የብረት ክር ያለው ክራር ማግኔታዊ ፒክአፕ ሊቀበል ይችላል፣ የናይለን ወይም የጅማት ክር ያለው ግን የአካሉን ንዝረት የሚያነሣ የፒየዞ ፒክአፕ ይፈልጋል። የትኛው እንደሚሻል በንድፍ ብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ የክራር ደርዳሪው ጆሮ የሚፈርድበት ነው።

መደምደሚያ

የፒክአፕ ታሪክ በመሐንዲስና በተጠቃሚ መካከል የተደረገ ረጅም ውይይት ነው። ቢቻም ተጫዋች ሆኖ ኤሌክትሪክ ተማረ፤ ፌንደር መጫወት ሳይችል ተጫዋቾችን ሰማ፤ ላቨር ድምፅ ሊያጠፋ ሄዶ ድምፅ ወለደ። በሦስቱም ዘንድ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ የመሣሪያው ትርጉም ግን ከፋብሪካው ከወጣ በኋላ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተወሰነ። በመካከል የተጣበቀው መቀያየሪያ፣ በጣት የተመራው ሽቦ፣ በሰም የተነከረው ኮይል በማንም ንድፍ ላይ አልነበሩም።

ይህ ሲባል ግን ጆሮ መለኪያን ይተካል ማለት አይደለም። የመሬት መስመሩን የሚያረጋግጠው ቴስተር ነው፤ በኦም ብዛት የሚደረገውን ከንቱ ወጪ የሚያስቀረውም ስሌት ነው። መሐንዲሱ ጉድለት ብሎ የመዘገበውን ከማስወገዱ በፊት ተጠቃሚውን ቢጠይቅ፣ ተጠቃሚውም ካቻቢቴውን ከማንሣቱ በፊት ቢለካ፣ ሁለቱም ከብዙ ጥፋት ይድናሉ። ወደ መጠገኛው ጠረጴዛ የሚመጣ አሮጌ ጊታር ሁሉ ከበፊት ባለቤቱ አንድ የተጻፈ ነገር ይዞ ይመጣል፤ የተቀየረ ሽቦ፣ የተላላ ብሎን፣ የተጠረበ እንጨት። ጠጋኙ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ማንበብ ነው።